ቆሎው እስኪበተን

እኛ ልጆች በነበርንበት ጊዜ ልደት ሲባል የጌታ ነበር፤ የሰው ልጅ ልደት ይከበራል ቢሉን በሳቅ በሞትን። መካነ ሰላም ውስጥ አንድ ዓመት የሞላው ሕፃን የሚያገኘው ነገር ቢኖር "ተመስገን፣ ከረምክልን" የሚል ምርቃት፣ ሲበዛ ደግሞ አዲስ የላስቲክ ጫማ ነው። እኔ ራሴ የተወለድኩበትን ዓመት ያወቅሁት ትምህርት ቤት ስገባ ነው፤ እሱንም አባቴ ወፍጮ ቤቱ ከተከፈተበት ጊዜ ጋር አዛምዶ በግምት ነው ለመዝጋቢው የነገረው። ስለዚህ የታናሽ ወንድሜን የአበባውን አንደኛ ዓመት "እናከብራለን" የሚል ወሬ ቤታችን ሲገባ ለሰፈሩም ለእኛም አዲስ ነገር ነበር። ወሬውን ያመጣችው እናቴ ነች፤ ያመጣችውም ከደሴ በስልክ ነው።

እናቴ አሥረኛ ክፍል እንደጨረሰች ነው ያገባችው። እኔን ወልዳ ስታሳድግ ዓመታት ቤት ዋለች፤ ደብተሮቿን ግን በፌስታል ጠቅልላ ቆጥ ላይ አኖረቻቸው እንጂ አልጣለቻቸውም። አበባው ከተወለደ በኋላ ለመምህርነት ሥልጠና ተመዝግባ ስሟ ወጣ። አንድ ዓመት ደሴ ተምራ ስትመለስ አስተማሪ ትሆናለች ማለት ነው። ልጁ ገና አምስት ወሩ ነበርና ሰፈሩ በሐሜት ተንጫጫ። "ጡት ያልጠገበ ልጅ ጥላ! ምን ዓይነት አንጀት ነው!" አባቴ ወፍጮ ቤት ስለሚሠራ ቀኑን ሙሉ በሞተር ጩኸት ደንቁሮ ነው የሚውለው፤ የሰው ወሬ ብዙም ጆሮው አይገባም። "ሂጂ፣ እኛ አለንልሽ" አላት። እኛ ማለት እሱና ታላቅ እህቱ ናቸው። ሁላችንም እታለም ነበር የምንላት። እሷ ራሷ አልወለደችም፤ ግን ከሰፈራችን ልጆች እሷ ያላዘለችው አልነበረም።

አውቶቡሱ ጎህ ሲቀድ ስለሚነሣ እናቴ የሄደችው አበባው እንደተኛ ነው። በጥር ለእረፍት መጥታ ስትመለስም እንደዚያው በተኛበት ጥላው ወጣች። አስታውሳለሁ፣ ግንባሩን አሸተተችው እንጂ እንዳይነቃ ፈርታ አልሳመችውም።

ስልክ ያለው አባባ ይማም ሱቅ ነበር። የአቡጀዲና የልብስ ሳሙና ሽታ የሞላበት ሱቅ ነው፤ ዛሬም አዲስ ጨርቅ ባሸተትኩ ቁጥር የስልክ ጥሪ የሰማሁ ይመስለኛል። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሄደን እዚያ አግዳሚ ላይ እንደረደራለን። አባባ ይማም "አብሽሩ፣ ትደውላለች" እያሉ ለእኔ ከረሜላ ይሰጡኛል። ስልኩ ሲጮህ መጀመሪያ እታለም ታነሣለች፣ ከዚያ አባቴ፣ መጨረሻ እኔ። እናቴ ደሴ ሆና በስልክ ስትጮህ ድምፅዋ ያለ ስልክም የሚሰማ ነበር የሚመስለኝ። ጥያቄዋ ሁልጊዜ አንድ ነው። "ልጄስ?"

አበባው እግሩን የተከለው ከፋሲካ በኋላ ነው። ግቢ ውስጥ ሙቀጫውን ይዞ ቆሞ ነበር፤ ድንገት ለቀቀውና እየተንገዳገደ ወደ እታለም ሄደ። አራት ይሁን አምስት እርምጃ፣ እንጃ። እኔ ደስታዬን አልቻልኩትም፤ "ወፌ ቆመች! ወፌ ቆመች!" እያልኩ ስጮህ እታለም መጥታ አፌን በመዳፏ ከደነችው።

"ዝም በይ አንቺ! ማን ቆመ አለሽ? ቆሎው ሳይበተን!"

በእኛ ቤት ወግ፣ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲራመድ የገብስ ቆሎ እግሩ ሥር ይበተንለታል፤ የጎረቤት ልጆች እየተሻሙ ይለቅሙታል። የልጁ እግር እንዲጸና ነው ይላሉ። የሚበትነው ደግሞ የእናት እጅ ነው፤ አክስት፣ አያት፣ ጎረቤት አይሆንም። እታለም ነገሩን እዚያው ቆርጣ ጨረሰችው። እናቱ እስክትመጣና ቆሎው እስኪበተን ድረስ አበባው አልሄደም። ቢሄድም አልሄደም! አባቴ ማታ ዱቄቱን እያራገፈ ሲገባ ነገረችው። ልጁ እየተራመደ መጥቶ ጉልበቱ ላይ ተጠመጠመበት። አባቴ አንሥቶ አቀፈውና፣ "ይሁና" አለ፤ "ስንቱ አምልጧታል። ይችን እንኳ በዓይኗ ትያት።"

እንግዲህ ክፋት የለበትም። ለእሷ አዝነው ነው። የሚያናድደኝም ይኸው ነው፤ በክፋት ቢሆን ኖሮ አንዱን ይዤ እቀየመው ነበር።

በሚቀጥለው እሑድ እናቴ "ቆመ ወይ?" ብላ ስትጠይቅ፣ እታለም "ኧረ ምን ይቆማል! ዳዴውንም ገና መች አወቀበት!" አለቻት። ይሄን ስትል አበባው በሱቁ ውስጥ እየተንጎራደደ የተንጠለጠለውን ነጠላ ሁሉ ይጎትታል። አባባ ይማም አንዴ እሱን አንዴ እሷን አዩ። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ፣ "ያ ረቢ! ይሄ የሚሄደው ታዲያ የማን ልጅ ነው?" አሉ።

እታለም ነገሩን አስረዳቻቸው። አልሳቁም።

"እናንተ ሰዎች፣ እናትን በልጇ አትዋሿት። ወላሂ፣ ደግ አይደለም።"

"መች ዋሸን አባባ ይማም? ቆሎው መች ተበተነና!"

ከዚያ ወዲያ አባባ ይማም የስልኩ ሰዓት ሲደርስ መቁጠሪያቸውን ይዘው ሱቁን ለእኛ ትተው ይወጣሉ፤ ንግግራችን እስኪያልቅ ደጅ ይቆማሉ። እታለም "ምነው፣ እንዲህም ይኮራሉ እንዴ!" እያለች ትስቅባቸው ነበር።

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእኛ ግን እያደር ከበደ። እናቴ በየሳምንቱ ትጠይቃለች፣ እታለምም ሁሉንም ነገር ሳትነግራት ታስቀምጥላታለች፤ መቆሙን፣ ዳዴውን፣ ሌላው ቀርቶ ተደግፎ መነሣቱን ሳይቀር። ድግስ እንደሚያስቀምጡለት ሰው መጥታ ሁሉንም እንድታገኘው ፈለገች። እናቴ ደሴ አከራይዋ ቤት የአንድ ዓመት ልደት አይታ ኖሮ "ከፈተናዬ መልስ የአበባውንም እናከብርለታለን፣ ሻማም ኬክም ይዤ እመጣለሁ" ያለችን በዚያው ሰሞን ነው። እታለም በልቧ ድግሱን ጨርሳው ነበር። እንግዳ ይሰበሰባል፣ ልጁ መሬት ላይ ይለቀቃል፣ ሁላችንም እንደ አዲስ "ወፌ ቆመች!" እንላለን፣ እናቴ ቆሎውን ትበትናለች። እኔን ሳይቀር እንዴት እንደምደነግጥ አለማመደችኝ። ኧረ እንዴት ደስ ይለኝ ነበር!

አንድ ያልታሰበ ነገር ግን ነበር። እናቴ ታናሽ ወንድም ነበራት። ሕፃን ሳለ ትኩሳት ይዞት እግሮቹ ሳይታዘዙለት ቀሩ፤ እስኪሞት ድረስ አዝላ ያኖረችው እሷ ነች። አባቴ ይሄን ያውቃል። እታለምም ታውቃለች። አንዳቸውም አላሰቡትም። የእናቴ ጥያቄ እየተለወጠ ሲመጣም አልነቁም። "እግሩን ያወራጫል? ስታቆሙት ይረግጣል? ትኩሳት አሞት ነበር እንዴ? አትደብቁኝ!" ትላለች። እታለም ትስቃለች። "ሰነፍ ነው ባክሽ፣ አንቺን እየጠበቀ ነው!" ከወዲያ በኩል ድምፅ ይጠፋል፤ እኛ መስመሩ የተበላሸ ይመስለን ነበር።

አንድ እሑድ አልደወለችም። በሳምንቱ መካከል ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ አባርቶ እታለም ለቆሎው የሚሆን ገብስ በሰፌድ እየለቀመች ሳለ፣ የግቢያችን በር ተከፈተ። እናቴ ነች። ወረኢሉን እንዳለፉ አውቶቡሱ ጭቃ ይዞት፣ ወርዳ ከሰው ጋር ስትገፋ እስከ ጉልበቷ ተለውሳለች። በእጇ የያዘችው ኬክ አይደለም፤ ለእግር ማሻ የሚሆን የቅባት ጠርሙስ ነው። ፈተናው አልደረሰም ነበር። "ልጄ ታሟል" ብላ ፈቃድ ጠይቃ ቢከለክሏት ጥላ መጣች።

አበባው ዶሮ እያባረረ በፊቷ አለፈ።

እናቴ እልልታዋን ለቀቀችው። እዚያው ጭቃው ላይ ተንበርክካ እልል አለች፤ ድምፅዋ እስከ ገበያው ሳይሰማ አልቀረም። እኔ የተለማመድኩት ሁሉ ጠፋኝ። እሱ ዞር ብሎ እንኳ አላያትም፤ ቁጢጥ አለ፣ ጠጠር አነሣ፣ ሳይደገፍ ብድግ ብሎ ዶሮዋ ላይ ወረወረና ሮጠ። እልልታው መሐል ላይ ቆመ። እናቴ እኔንም አሳድጋለች፤ የጀማሪ ልጅ እግር ታውቃለች።

"ይሄ ልጅ ዛሬ አልጀመረም" አለች።

እታለም ሰፌዱን አስቀምጣ ተነሣች። "ላንቺ ብለን ነው እኮ፣ እኔ አፈር ልብላ። አልቆጠርነውም። ቆሎው..."

"እኔ እኮ እግሩ ሞቶ ነው ብዬ ነው የመጣሁት፣ እታለም።"

እናቴ እጇን ለልጁ ዘረጋች። አበባው በጭቃ የተለወሰችውን ሴት ሲያይ ደንግጦ ሮጠና እታለም ቀሚስ ውስጥ ተደበቀ። "እማ! እማ!" እያለ ነበር የሚያለቅሰው። እማ የሚለው እታለምን ነው።

አባቴ ያን ማታ ለመናት። "ነገ መኪና አለ፣ ለፈተናው ትደርሻለሽ፣ በእግዜር ይዤሻለሁ።" ሄዶ ቦታ ሁሉ አስይዞላት ነበር። እታለም እግሯ ላይ ወደቀች። እናቴ ልጁ የተኛበትን እያየች፣ "አሁን ብሄድ ስመለስ ማን ይለኛል?" አለች። መኪናው ያለ እሷ ሄደ። በዓመቱ ትቀጥል እንደሆነ አባቴ ደሴ ድረስ ሄዶ ጠይቆ ነበር፤ ጥላ የወጣችን አንቀበልም ብለው መለሱት።

ልደቱን አከበርነው። እታለም ድፎ ዳቦ ደፋች፤ ሻማ ስላልተገኘ ጧፍ ተተከለበት። አባባ ይማም ለልጁ የሚያምር ሸሚዝ ይዘው መጡ፤ "ነግሬያችሁ ነበር" አላሉም፣ እናቴን ግን "አብሽሪ ልጄ" ብለው ብዙ ቆዩ። የእናቴ ጓደኞች ያን ሰሞን ለፈተና ተቀምጠው ነበር። አበባው በዚያን ጊዜ አንድ ሳምንት ተለማምዷት ጭኗ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ጧፉን ሲያይ ሳቀ። እናቴም ሳቀች። ሁላችንም እያየናት ስለነበር ነው መሰለኝ።

አምስተኛ ክፍል ሳለሁ አንዲት አዲስ መምህርት ወደ ትምህርት ቤታችን ተዛውራ መጣች። የወላጆች ስብሰባ ላይ እናቴን ስታይ ዘላ አቀፈቻት፤ ደሴ አንድ ክፍል ተከራይተው አብረው የኖሩ ናቸው። እናቴ ግን "እንደምን ሰነበቱ፣ መምህር" አለቻት። አብራት ከአንድ ትሪ የበላችውን ልጅ አንቱ አለቻት! ለእኔ ክብር ብላ ነው፤ የልጄ አስተማሪ ናት ብላ። እኔ አፈርኩ፣ በማን እንዳፈርኩ ግን አላውቅም። እናቴ እስከ አሥረኛ ክፍል ድረስ ማታ ማታ ታስጠናን ነበር፤ ከዚያ በኋላ ትምህርቱ በለጣትና ኩራዙን አስተካክላልን አጠገባችን ጥጥ ትፈትል ጀመር።

እታለም መስከረም ጠብቶ ትምህርት ቤት ሲከፈት ከቤት አትወጣም ነበር። መምህራኑ በደጃችን ሲያልፉ ማየት አትችልም። "እኔ ነኝ ያስቀረኋት" ትላለች። እናቴ "ተይው እታለም፣ ያለፈ ነገር ነው" ትላታለች እንጂ አንድ ቀን "አይደለሽም" አላለቻትም። እታለም ይቺን አንድ ቃል እየጠበቀች ሞተች ብዬ አስባለሁ።

ዛሬ መካነ ሰላም ውስጥ የኬክ ቤት ሞልቷል። ሕፃን ሲያስነጥስ እንኳ ቪዲዮው ይላካል። አበባው ራሱ አግብቶ ወልዷል፤ ሚስቱ ሰናይት አስተማሪ ናት፤ ሥራ ስትሄድ ልጁን ለእናቴ ትታ ነው የምትወጣው። በቅርቡ የልጁን አንደኛ ዓመት ልናከብር ሽር ጉድ ስንል፣ እኔም ላግዝ ሄጄ፣ ልጁ ወንበሩን ለቀቀና ሦስት እርምጃ ያህል ወደ እናቴ ሄደ። እናቴ ያዘችው። ሁለታችንም በደስታ ጮኽን። ከዚያ እኔ፣ ያን ሁሉ ያየሁት እኔ፣ ምን እንዳልኩ ታውቃላችሁ?

"እማ፣ ለሰናይት እንዳትነግሪያት። ማታ ስትመጣ እንደ አዲስ ታየው፣ ታሳዝነኛለች።"

እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። አልተቆጣችም። "ደውዪላት" አለች፤ "የዚህን ስልክ ምልክቶች እኔ አላውቅባቸውም።" ደውዬ ስልኩን ሰጠኋት። ልጁን በአንድ እጇ አቅፋ፣ እንደ ድሮዋ እየጮኸች ተናገረች።

"ሰናይትዬ፣ ልጅሽ አሁን ሄደ። አዎ፣ እኔ አየሁት፣ አንቺ አላየሽውም። ... አልቅሺ ልጄ፣ አልቅሺ። ግን እግሩ ደህና ነው፣ እሺ? ክፍልሽን ጨርሰሽ ነይ።"