ሳን ሆዜ ድረስ ሄደን ያየነው አንድ ብርድ ልብስ

የእናቴ ታላቅ እህት ኦክላንድ ውስጥ በአንዲት ጠባብ ሱቅ የሰው ልብስ ያስተካክላሉ። ሱሪ ያሳጥራሉ፣ ዚፕ ይቀይራሉ፣ የሙሽራ ቀሚስ ያጠብባሉ። አዲስ አበባም ሥራቸው ይኸው ነበር፤ በስደት ሱዳን በቆዩባቸው ዓመታትም መርፌ ከእጃቸው አልተለየም። አንዲት ደንበኛቸው ሳን ሆዜ ውስጥ ከልብስ ቁርጥራጭ የተሰፉ የድሮ ብርድ ልብሶች ኤግዚቢሽን እንዳለ ስትነግራቸው ደወሉልኝ። ለራሳቸው ብለው አንድ ነገር ሲጠይቁኝ ያ የመጀመሪያው ይመስለኛል።

«ቅዳሜ ኦፍ ነህ?» አሉኝ።

እኔ የጭነት መኪና ሹፌር ነኝ፤ ከኦክላንድ ወደብ ኮንቴይነር አመላልሳለሁ። ቅዳሜ ኦፍ ነበርኩ። ጠዋት ስነሳ እምብርቴ አካባቢ ይቆርጠኝ ነበር፤ የበላሁት ነገር ይሆናል ብዬ ናቅኩት። በኋላም ግራጫ ኮታቸውን ለብሰው በር ላይ ሲጠብቁኝ ሳይ፣ አሞኛል ማለት አልሆነልኝም። መንገዳችን ላይ ያለችውን የሄይዋርድ ከተማ ስናልፍ ሕመሙ ወደ ቀኝ ጎኔ ወርዶ ነበር።

«ምነው ዝም አልክ?»

«ትራፊኩ ነው፣ እትዬ» አልኳቸው።

እንደገባን የመጀመሪያው ክፍል ውስጥ፣ የመጀመሪያው ብርድ ልብስ ፊት ቆሙ። ከነተበ የሥራ ሱሪና ከዱቄት ከረጢት የተሰፋ ነው። እኔ ክፍሉን ዞሬ ስመለስ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው እዚያው ናቸው።

«ይቺ ሴት ግራኝ ናት» አሉኝ።

«የቷ ሴት?»

«የሰፋችው ናታ። ስፌቱ ወዴት እንደተጋደመ እይ። ይኼ ጥግ ላይ ደግሞ ሌላ ሰው ገብቶበታል። በቀኝ እጁ ነው የሰፋው፤ ቸኩሏልም።»

አጠገባችን የነበረች አስጎብኚ ምን እንዳሉ ጠየቀችኝ፤ ተረጎምኩላት። ሄዳ አንድ ወፍራም ፋይል ይዛ ተመለሰች። ቤተሰቡ የሰጠው ጽሑፍ ነበር፤ ቆማ አነበበችልን። ብርድ ልብሱን የሰፋችው እናት ግራኝ ነበረች፤ ዓይኗ ሲደክም የቀረውን የጨረሰችው ልጇ ናት።

«እንዴት አወቁ በልልኝ» አለችኝ።

«ዕድሜዬን ሙሉ ሰው የሰፋውን ስፈታ ነው የኖርኩት በላት» አሉ እትዬ። «መቀሱን ከማንሳቴ በፊት የሰፋውን ሰው እጅ አያለሁ።»

ደረቴን የሞላው ኩራት ከሕመሙ በላይ ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ ሱሪዬን ሱቃቸው ጥዬ ስሄድ፣ ይህን ያህል ነገር እንደሚያዩ አስቤ አላውቅም። አስጎብኚዋ ሌሎቹንም ይዩልኝ ብላ ወደ ሁለተኛው ክፍል ትመራን ጀመር። በሩ ላይ ስንደርስ ሕመሙ አላስኬድ አለኝ፤ ግድግዳውን ይዤ ቆምኩ።

እትዬ ዞር ብለው አንድ ጊዜ አዩኝ። ወንበር ላይ አስቀምጠው ሆዴን በቀኝ በኩል በሁለት ጣት ቀስ ብለው ተጫኑና ለቀቁ። ሲለቁት ነው የጮህኩት።

«ትንሽ ልረፍና ይሻለኛል፤ እርስዎ ይግቡና ይዩ» አልኳቸው።

«ዝም ብለህ ተቀመጥ» አሉኝ። ከዚያ ወደ አስጎብኚዋ ዞረው፣ ገበያ ላይ እንኳ እንግሊዝኛውን ለእኔ የሚተዉት ሴትዮ፣ በእንግሊዝኛ «አምቡላንስ፣ ፕሊስ። አፔንዲክስ» አሉ። ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም።

መኪናዬ እዚያው ፓርኪንግ ቀረች። ሆስፒታል ነርሷ ጥያቄዋን ስታዥጎደጉድ እኔ መመለስ አቅቶኝ ነበር። እሳቸው ግን አንድ ነገር ላይ ሙጭጭ አሉ፤ «ፔኒሲሊን አይስማማውም።» ልጅ ሳለሁ መድኃኒቱ ፊቴን አሳብጦት እንደነበር እኔ ረስቼው ነበር። ነርሷ እስክትጽፈው ድረስ ሁለት ጊዜ፣ ቃል በቃል፣ ነገሯት።

በዚያው ቀን ኦፕራሲዮን አደረጉኝ። ሐኪሙ ትርፍ አንጀቱ ሊፈነዳ ጥቂት እንደቀረው ነገረኝ። ስነቃ እትዬ ኮታቸውን እንደለበሱ አጠገቤ ተቀምጠዋል።

«ከየት አወቁት?» አልኳቸው።

«ሱዳን አንድ ጎረቤት ነበረን። የሆድ ቁርጠት ነው፣ ያልፍለታል እያልን ጠበቅን» አሉ። «በማግስቱ ቀበርነው።» ብርድ ልብሴን ሳብ አድርገው እግሬን ሸፈኑልኝ።

ኤግዚቢሽኑን ስላበላሸሁባቸው ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ነገሩ የገባቸው አይመስልም።

«ብርድ ልብሱን የጨረሰችው ልጅ እኮ መጨረሻው ላይ ክር አልቆባት ሌላ ቀለም ቀጥላበታለች፤ አይተኸዋል?» አሉኝ። «ልትደብቀው አልሞከረችም። እኔ ብሆን እፈታው ነበር።» ከዚያ ስለዚያ ስፌት፣ ስለ ክሩ ውፍረት፣ ስለ ከረጢቱ ጨርቅ ረጋ ብለው ያወሩልኝ ጀመር። እንቅልፍ እስኪወስደኝ ሰማኋቸው።

ሦስት ሳምንት ቤት ተኛሁ። ኤግዚቢሽኑ በዚያ መሃል ተዘጋ። ሥራ ስጀምር ሱቃቸው ሄጄ ሌላ ቦታ ተመሳሳይ ነገር ካለ ልፈልግና ልውሰድዎት አልኳቸው። ከስፌት መኪናው ቀና ሳይሉ «ፈልግ» አሉኝ፤ «ሩቅም ቢሆን ግድ የለኝም።»