መጽሐፌ ጋዜጣ ላይ የወጣ ዕለት

መጽሐፍ በራስህ አሳትመህ ራስህ ስትሸጠው ሰው የሚያይህ እንደ ደራሲ ሳይሆን እንደ ለማኝ ነው። ይህን የተማርኩት በጃንሆይ ዘመን፣ ሆሳዕና ከተማ መምህር ሳለሁ ነው። አባቴ በሀዲይኛ የነገረኝን ተረቶች በአማርኛ ጽፌ አዲስ አበባ አሳተምኩና በጆንያ ጭኜ አመጣኋቸው። እሁድ እሁድ ከጸሎት ቤት ደጃፍ፣ በገበያ ቀን ፎንቆ፣ ሲመቸኝ ደግሞ ዶዮገና ድረስ ይዤ ዞርኩ። ሰው ያነሳዋል፣ ያገላብጠዋል፣ "የማን ነው?" ይላል። "የኔ" ስለው መልሶ ያስቀምጠዋል። የማያውቀው ሰው የጻፈው ቢሆን ይገዛው ነበር። አብረውኝ ያደጉት እንኳ "ይህንማ እናቴም ታውቀዋለች" እያሉ ይስቁብኝ ነበር። እናታቸው ካወቀችው ለምን አልጻፉትም?

ይህን ሁሉ እችለው ነበር። ያልቻልኩት አባቴን ነው። አባቴ ፊደል አልቆጠረም፤ አማርኛውም የገበያ አማርኛ ነው። በእኛ ቤት ግን ተረት የሚያወራ ሰው ከማን እንደሰማው አስቀድሞ መናገር አለበት። "ይህን የነገረኝ አጎቴ ነው፤ ለእሱ ደግሞ አያቱ" ሳይባል ተረት አይጀመርም። ይህን የዘለለ ልጅ እንደ ሌባ ይቆጠራል። ስለዚህ በመጽሐፉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የአባቴን ስም ጽፌ "ከእሱ የሰማሁት ነው" ብያለሁ። ወስጄ አነበብኩለት። እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

"አንተ ጻፍከው፤ አንተው ታነብልኛለህ" አለኝ። "የማያውቀኝ ሰው ስሜን ጠርቶ 'የእሱ ነው' ሲል ልስማ። ያን ጊዜ የቀሩትን እነግርሃለሁ።"

የቀሩት ይበልጡ ነበር። ሁለተኛ መጽሐፍ የሚሆኑ ተረቶች ገና በሆዱ ነበሩ። ጋዜጣ ያስፈለገኝ ለዚህ ነው።

ክረምት ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ አዲስ አበባ ወጣሁ። ከረባት አስሬ አንድ ጋዜጣ ቤት ገባሁና መጽሐፌን ጋዜጠኛው ጠረጴዛ ላይ አኖርኩ። ሽፋኑን አየ፣ ጀርባውን አየ፣ ግን አልገለጠውም።

"መምህር፣ መጽሐፍ መጻፍ ዜና አይደለም" አለኝ። "ዜና የሚሆነው ትልቅ ሰው ሲኖርበት ነው። ገዥ የላችሁም እንዴ?"

"አሉ።"

"እንግዲያው ለእሳቸው ያበርክቱላቸው። እኔም በቅርቡ ወደዚያ አገር መምጣቴ አይቀርም፤ ፎቶግራፍ አነሳለሁ፣ ይወጣል።"

አልዋሸኝም። የዚያን ጊዜ ጋዜጣ ያነበበ ሰው ያውቀዋል፤ ድልድይ ቢሠራ ዜናው የመረቀው ሰው ነው እንጂ ድንጋይ የተሸከመው አይደለም። ይህን እያወቅኩ ደስ ብሎኝ ተመለስኩ። እንደ ተረቱ በሬ ሳሩን አየሁ እንጂ ገደሉን አላየሁም።

ከዚያ ደጅ ጥናቱ መጣ። በአውራጃው ገዥ ግቢ፣ የመሬት ክርክር ይዘው ከዳምቦያ ከመጡ ሽማግሌዎች ጋር አጥር ሥር ቆሜ ሰነበትኩ። አንዱ ሽማግሌ "አንተ ደግሞ ምን ተወሰደብህ?" ብሎ ጠየቀኝ። "ምንም፤ መጽሐፍ ልሰጣቸው ነው" አልኩት። ከት ብሎ ሳቀና "መስጠትማ ሁላችንም እንሰጣለን" አለ። ያን ጊዜ አሽሙሩ አልገባኝም።

በመጨረሻ ቀን ተቆረጠልኝ። ጋዜጠኛውም እንዳለው ካሜራውን በአንገቱ አንጠልጥሎ መጣ። ያለችኝን አንድ ሱፍ ለብሼ፣ ጎንበስ ብዬ፣ በሁለት እጄ መጽሐፉን ለገዥው አቀረብኩ። "ጎበዝ!" አሉና ተቀበሉኝ። እዚያ ላይ ቢያበቃ መልካም ነበር። ጋዜጠኛው ግን ቅር አለው፤ ከገዥው ጸሐፊ ጋር ተንሾካሾከ። ጸሐፊው ወደ እኔ መጣ።

"እንዲህ አይሆንም" አለኝ። "ጌታው እጃቸውን ዘርግተው ሲቀበሉ ሕዝብ ሊያያቸው ነው? ትልቅ ሰው ይሰጣል እንጂ ይቀበላል? እንደገና ይነሣ። እሳቸው ይስጡህ፣ አንተ ተቀበል።"

"መጽሐፉ እኮ የኔ ነው።"

"ያንተ አይደለም ማን አለህ? ለፎቶግራፉ ነው።"

ለፎቶግራፉ! ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ይባላል፤ እኛ ዘንድ የንጉሥ ሹምም ያው ነበር። የገዛ መጽሐፌን እጅ ነሥቼ ተቀበልኩ። ካሜራው ቀጭ አለ፤ ለማጀብ የመጡት ተማሪዎቼም አጨበጨቡ።

ጋዜጣው የመጣ ቀን፣ ከአውቶብስ ማቆሚያው አጠገብ ሱቅ ያለው ጉራጌ ወዳጄ ከመንገዱ ማዶ "መምህር፣ ወጣህ!" ብሎ ጠራኝ። እየሮጥኩ ሄድኩ። ፎቶግራፉ ትልቅ ነው። ከሥሩ፣ የአውራጃው ገዥ ለትምህርት መስፋፋት ካላቸው ብርቱ ፍላጎት የተነሣ ለአንድ መምህር መጽሐፍ ሲሰጡ ይላል። አለቀ። የመጽሐፉ ስም የለም፣ የኔ ስም የለም፣ የአባቴም የለም። ባለሱቁ "ዋናው መውጣቱ ነው" ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ደሜ ፈልቶ ነበር፤ በጥፊ ብለው ደስ ባለኝ።

ለአባቴ ባላሳየው ይሻል ነበር፤ ነገር ግን ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። ነጭ ጋቢውን ለብሶ ደጁ ላይ ተቀምጦ ጠበቀኝ። ጎረቤቶቹን ጠርቷል። አጠገቡ ባዶ በርጩማ አስቀምጦልኛል።

"አንብብ" አለኝ።

ቦታ ስለጠበበ ስም አልገባም፣ ሌላ ጊዜ ይወጣል እያልኩ ቀባጠርኩ። እሱ ጋዜጣውን ከእጄ ወሰደ። ፎቶግራፍ ለማየት ፊደል አያስፈልግም። መጀመሪያ ገዥውን በጣቱ ነካ፣ ከዚያ እኔን።

"የሚሰጡት እኚህ ናቸው?"

"ለፎቶግራፉ ብለው ነው፣ አባዬ።"

"ያጎነበስከው አንተ ነህ?"

"አዎ።"

"እንግዲያው ከእሳቸው ነው የሰማኸው" አለ።

ጎረቤቶቹ አንድ በአንድ ተነሥተው ሄዱ። እኔም ብዙ ብዙ አስረዳሁት፤ ስለ ጸሐፊው፣ ስለ ጋዜጠኛው፣ ስለ አዲስ አበባ አሠራር። ሁሉንም ሰማኝ። ገባኝ አለኝ፤ የገባውም ይመስለኛል።

በሚቀጥለው እሁድ ደብተር ይዤ ሄድኩ። ስለ እንሰቱ አወራኝ፣ ስለ ዝናቡ አወራኝ፣ ቆጮ በጎመን አበላኝ። ተረት ስጠይቀው ግን "የሰጠህን ሰው ጠይቅ" አለኝ። እስኪሞት ድረስ መልሱ ይኸው ነበር። ለልጆቼ ግን ይነግራቸው ነበር። ከደጅ ሆኜ ድምፁንና ሳቃቸውን እሰማ ነበር፤ እኔ ስገባ ያቋርጥ ነበር።