እልል የተባለለት ጨርቅ

ትናንት እማዬ «ሳጥኔን አውርጂልኝ» አለችኝና ክዳኑን ስከፍተው የደረቀ ፊላ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። ይኸውልሽ፣ ፊላ ማለት ከረግረግ የሚታጨድ፣ ምንጣፍ የሚሠራበት ረጅም ሣር ነው። ከሳጥኑ ውስጥ አንድ ጫፉ የተቃጠለ ቁራጭ ምንጣፍ አለ፤ ከሥሩ ደግሞ ያ ጨርቅ። ነጭ ነበር። መሐሉ ላይ ያለው ደም ደርቆ ቡና መስሏል። እማዬ እስከ ዛሬ እንደ ዓይኗ ብሌን ነው የምትጠብቀው።

በጋ ሲገባ ከብቶቻችንን ይዘን ወደ አፋር ጠረፍ ቁልቁል እንወርድ ነበር። በኛ መንደር የምታገባ ልጅ የጫጉላዋን ምንጣፍ ፊላ ራሷ ነው የምታጭደው፤ ሌላ ካጨደላት ስሟ ሰነፍ ነው። እትዬ፣ ታላቅ እህቴ፣ ያኔ ሃያ ዓመት አልፏታል። ከልጅነቷ ጀምሮ በየበጋው ስትቀዳበትና ስታጥብበት የኖረችው እዚያ ያለ ረግረግ ነው፤ ለሰርጓ ደግሞ እስከ ወገቧ ገብታ ስታጭድ ትውላለች። ውሃው ሞቃት ነው፣ አረንጓዴ ነው፣ ቅጠሉ ላይ ትንንሽ ቀንድ አውጣዎች ተለጥፈውበታል። እሷ ታዜማለች፣ እኔ ዳር ሆኜ እቀበላታለሁ። አቤት ድምጿ! አሁን አታዜምም።

«እማዬ፣ ሽንቴ ያቃጥለኛል፤ ደምም አለው» ትላት ነበር አንዳንዴ።

«ሐሩር ነው፤ ተልባ ጠጪበት።»

የኛ አገር ፀሐይ ያልተላከከባት በሽታ የለም መቼም።

ሮቢት አጠገብ ላለ ገበሬ ተዳረች። በማግስቱ ጠዋት ሚዜዎቹ እየጨፈሩ ጨርቁን ይዘውልን መጡ። በኛ ወግ ለሙሽራዋ ድንግልና ምስክሩ እሱ ነው። እንዲህ ያለ ደም ታይቶ አይታወቅም አሉ። መንደሩ በእልልታ ተናወጠ። እማዬ ጨርቁን ግንባሯ ላይ አድርጋ «አስከበረችኝ! ልጄ አስከበረችኝ!» እያለች ዘለለች። እኔም አብሬ ዘለልኩ።

ደሙ ግን አልቆመም። ባሏ በቀረባት ቁጥር ትደማለች፤ ኋላማ ሽታም አመጣ። አንድ ክሊኒክ ወሰዳት። እዚያ ያለው ሰውዬ በቅጡ እንኳ ሳያያት፣ ባሏ እየሰማ፣ «የአባላዘር በሽታ ነው፤ ከወንድ ነው ያመጣሽው» አለና መርፌ ወጋት። በቃ! በደሟ ሲጨፍሩ የነበሩት ሰዎች በዚያው ደም ሸርሙጣ አሏት። አማቷ ያንን ስንት የተደከመበትን ምንጣፍ ደጅ አውጥታ እሳት ለቀቀችበት። እትዬ ከእሳቱ የተረፈውን ቁራጭ በብብቷ ይዛ ቤታችን ገባች።

እማዬ ትችለዋለች? በገበያው ቀን ጨርቁን ይዛ ጎብዬ ወረደች። የእትዬ አማት በርበሬ ዘርግታ በምትሸጥበት ፊት ለፊት ቆመችና ጨርቁን ገልጣ «ይኸው! የኔ ልጅ ናት ሸርሙጣ? ዓይናችሁ ይፍሰስ!» አለቻቸው። ገበያተኛው ሳቀባት። እየሳቁባትም አጥፋ ይዛው ተመለሰች።

ቀጥሎ ዐዋቂ ተጠየቀ። «የውሃ ጥላ ወግቷታል» አለ። «የወጋት ውሃ ነው የሚያድናት። ፀሐይ ያሞቀው ውሃ ውስጥ ትዘፍዘፍ።» እማዬም መልሳ እዚያው ረግረግ ወሰደቻት። ቀትር ላይ እህቴ እስከ ወገቧ ተነክራ ትቀመጣለች፤ እኔ ልብሷን ይዤ ዳር እቆማለሁ፤ እማዬ እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ እመብርሃንን ትለምናለች።

«ይበቃኛል እማዬ፣ ደከመኝ።»

«ትንሽ ታገሽ፣ የኔ እናት።»

በፍቅር እኮ ነው! ከበጋ በጋ፣ እየሳመች፣ እያባበለች፣ መርዙ ውስጥ መልሳ የምትዘፈዝፋት በፍቅር ነው። እሱ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ።

ከስንት ዓመት በኋላ እኔ ትዳር ይዤ ኮቦ ገባሁና ደሴ ድረስ ይዣት ሄድኩ። አንዲት ሐኪም ደግፋ አስተኝታ፣ ጊዜ ወስዳ መረመረቻት። «ይሄ ከወንድ የመጣ አይደለም» አለቻት። «ከቀንድ አውጣው ወጥቶ ውሃ ውስጥ በቆዳ የሚገባ ትል ነው። እንቁላሉ ነው ማህፀንሽን ያቆሰለው።»

እትዬ «የሰርጌ ዕለት ደምስ?» አለች።

«እሱም የቁስሉ ሳይሆን አይቀርም፣ እህቴ።»

ክኒኑን እዚያው ዋጠችው። ትሉ ሞተ፤ ጠባሳው ግን አብሯት ቀረ፣ ልጅም ሳይሰጣት ቀረ። ባሏ ዋጃ ከተማ ሌላ አግብቶ ወልዶ ከብዷል፤ ይክበድ።

ትናንት እንግዲህ እማዬ ጨርቁን ጭኗ ላይ ዘርግታ በጣቶቿ ደባበሰችው። ዓይኗ ደክሟል። እትዬ አጠገቧ ቁጭ ብላለች።

«ይኼ ክብሬ ነው» አለችን። «ስሞት አብራችሁ ቅበሩልኝ። ሰው ያለውን ይበል፤ ልጄ ንጹሕ እንደነበረች እመብርሃን ትይልኝ።»

አፌን ከፈትኩ። እስከ ዛሬ ያልሰማችውን የሐኪሟን ቃል ልነግራት ነበር። እትዬ ጉልበቴን ጨምድዳ ያዘችኝ። ከዚያ ጨርቁን ከእማዬ ጭን አንስታ፣ እጥፉን አስተካክላ፣ ከምንጣፉ ሥር መለሰችው።

«እሺ እማዬ» አለቻት። «እኔው ራሴ ከራስጌሽ አደርግልሻለሁ።»