በለስላሳ ፍሪጅ ውስጥ የከረመ አበባ

ማንነቴን ሳታውቁ ታሪኩን ብነግራችሁ ግማሹን አታምኑኝም፤ ስለዚህ መጀመሪያ ራሴን ላስተዋውቅ። ትምህርት ቤት የሄድኩት እስከ አምስተኛ ክፍል ነው። ከዚያ ወዲህ ያለውን ሁሉ ራሴን ያስተማርኩት እኔው ነኝ። አማርኛን ሆሳዕና ገበያ ውስጥ ከጨው ነጋዴዎች ለቀምኩት፤ ዙሉን ከደንበኞቼ፣ የኤሌክትሪክ ሥራን ደግሞ ከተቃጠሉ ፍሪጆች ተማርኩ። አሁን በምኖርበት የጆበርግ ሰፈር፣ ክሊፕታውን ውስጥ፣ ማቀዝቀዣው የቆመበት፣ በሩ አልዘጋ ያለው፣ ከኪራይ ውሉ አንዱ መስመር ያልገባው ሁሉ የሚመጣው እኔ ጋ ነው። ይህ ጉራ የሚመስለው ካለ ጎረቤቶቼን ይጠይቅ።

ባለፈው ሳምንት ጉሮሮዬን አሞኝ ልጄ ከፋርማሲ አንድ የሻይ ሳጥን ይዛልኝ መጣች። “ኢኪናሺያ ይባላል አባዬ፤ ለጉንፋን ይጠጣል” አለችኝ፣ ለማያውቅ ሰው እንደምትነግር። ሳጥኑ ላይ ያለውን ሥዕል ሳይ ሳቄ መጣ። ሮዝ ቅጠሎቹ እንደ ቀሚስ ወደ ታች የተንጠለጠሉ፣ መሀሉ እንደ ጃርት ጀርባ የቆመ አበባ ነው።

“ይህን አበባ እኮ ከፍሬው አብቅዬዋለሁ” አልኳት።

“አንተ ደግሞ ያላደረግከው ምን አለ!” ብላ ውሃ ልትጥድ ሄደች።

ነገሩ የሆነው በኮሮና ጊዜ ነው። ያኔ ልጅ ነበርኩ። አትሳቁ፤ ስልሳን ብሻገርም የምኖርበት ግቢ ባለቤት ጎጎ ቶኮ ሰማንያን አልፈው ስለነበር “ምፋና” ነበር የሚሉኝ፤ አንተ ልጅ እንደማለት። ጎጎ በዙሉ ሴት አያት ማለት ነው። ስፓዛዬ፣ ያቺ የሰፈር ሱቄ፣ እሳቸው ግቢ ውስጥ የቆመች ኮንቴነር ነበረች። ከኮንቴነሯ ጀርባ ባለቤታቸው ያለሟት አንዲት የአበባ መደብ ነበረች። ሰውየው ዕድሜያቸውን ሙሉ በሀብታሞች ሰፈር አትክልተኛ ሆነው ሲሠሩ የዚህን አበባ ፍሬ ከዚያ አምጥተው ዘሩት። ጎጎ “ማዳላዬ” ይሏቸዋል፣ ሽማግሌዬ ለማለት።

ማዳላ ጥርሳቸውን ሲያማቸው ከአበባው ሥር ቆንጥረው ያኝኩ ነበር። አንድ ቀን እኔንም አቀመሱኝ። መጀመሪያ አፈር አፈር አለኝ፤ ቀጥሎ የባትሪ ድንጋይ እንደላሰ ሰው ምላሴን ነዘረኝ፤ ከዚያ ደነዘዘ።

“እፎይ! አሁን ትንሽ ዝም ትላለህ” ብለው ሳቁብኝ።

ነገሩ አላስቻለኝም። በስልኬ እየፈለግሁ ሳነብ የአሜሪካ የጥንት ነዋሪዎች ሥሩን ለጥርስ፣ ለጉሮሮ፣ ለእባብ ንድፊያ ሳይቀር ይጠቀሙበት እንደነበር አወቅሁ። የእባቡን አላየሁም፤ ለምላሱ ግን እመሰክራለሁ። እኛ አገር ለምች ዳማከሴ አለ። ጎጎ ለጉንፋን የሚያፈሉት ኡምህሎንያኔ የሚባል ቅጠል ደግሞ ሽታው ከጭቁኝ አይለይም። የትም አገር ያለ ሰው ጓሮው ውስጥ አንድ መራራ ነገር ሳይተክል አለመኖሩ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ሎክዳውኑ በገባ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ማዳላ ሞቱ። ቀብሩ ላይ ዘመድ እንደ ልቡ አልተሰበሰበም፣ መዝሙሩም ገና ሳይሟሟቅ ተበተንን። በዚያው ሰሞን ደግሞ “የዚህ አበባ ሥር ኮሮና አያስጠጋም” የሚል የድምፅ መልእክት በየሰዉ ስልክ ይዞር ነበር። ከቀብር ስንመለስ መደቧ ታርሳ ጠበቀችን። አንድ ሥር አልቀረም። ማን እንደቆፈረ አልጠየቅንም፤ ሰው ሁሉ ፈርቶ ነበር።

ጎጎ የዳቦ ሳጥን ገልብጠው ተቀመጡና ጉድጓዱን ሲያዩ ቆዩ። በዚህ አገር ሟች ከተቀበረ ዓመት ካለፈው በኋላ የመቃብሩ ድንጋይ በጨርቅ ተሸፍኖ ይቆማል፤ ከዚያ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ተዘምሮና ታርዶ ይገለጣል።

“የመጪው ዓመት ዲሴምበር ድንጋዩ ይገለጣል” አሉኝ። “ያን ቀን አበባው እዚህ ግቢ መኖር አለበት። ያለ አበባው ማዳላዬን ሁለተኛ አልቀብረውም።” ከዚያ ማድ ቤት በር ላይ ተንጠልጥለው የነበሩትን የደረቁ የአበባ ራሶች አውርደው ሰጡኝ። “ይኸው፣ ያለኝ በሙሉ።”

“ጎጎ፣ እርስዎ ስለሚታረደው በሬ ያስቡ፤ አበባውን ለእኔ ይተዉት” አልኩ።

እውነቱን ለመናገር እኔ የእንሰት አገር ልጅ ነኝ። እንሰትን የምናበዛው በፍሬ አይደለም፤ አምቾውን፣ ያን ወፍራም ሥሩን፣ ሰንጥቀን እንቀብረዋለን፣ ችግኙ ዙሪያውን ይፈላል። እዚህ ግን የሚቀበር ሥር አልነበረም። ራሶቹን ስፈለፍል እሾሃቸው ጣቴን እየወጋኝ እንደ ሕፃን ጥርስ ያሉ ፍሬዎች ወጡ። ግማሹን በሰርዲን ቆርቆሮዎች ዘራሁ። የጆበርግ ክረምት ዝናብ የለውም፤ ሣሩ ላይ ውርጭ የሚነጣበት ደረቅ ብርድ ነው። ስለዚህ ቆርቆሮዎቹን ጋዝ ምድጃው አጠገብ ደርድሬ በብርድ ልብስ ሸፈንኳቸው። ልጆቼን እንኳ እንደዚያ አልተንከባከብኩም። የበቀለው ሻጋታ ብቻ ነበር።

ጀርሚስተን ዕቃ ላመጣ ስሄድ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። የጅምላ መደብሩ ባለቤት ሐጂ ሙዘይን፣ የስልጤ ሰው፣ ከሩቅ ሲያዩኝ ጀመሩ።

“ላምቤቦ! ዘንድሮ ሰርዲን ዘራህ አሉ!”

“ይሳቁ ሐጂ፣ ይበቅላል።”

“ከበቀለ አንድ ካርቶን እወስዳለሁ፤ ከፋብሪካው ታረክሳለህ አይደል?”

እየሳቅሁ ወጣሁ፤ ታክሲ ውስጥ ግን አሰብኩበት። ስመለስ ጎጎን ጠየቅኋቸው። “ማዳላ ፍሬውን የት ነበር የሚያከርሙት?”

“የት ያከርመዋል? በጫማው ረግጦ እዚያው ይተወዋል። ውርጩ ላዩ ላይ ይወርድበታል።”

ያኔ ገባኝ። የአበባው አገር በረዶ የሚጥልበት ነው። ፍሬው ብርዱ መጥቶ ማለፉን ሳያረጋግጥ ቢነቃ ቡቃያው ይሞታል፤ ስለዚህ እስኪበርደው ይጠብቃል። እኔ ደግሞ ብርድ ልብስ ደርቤ ክረምቱን ደብቄበታለሁ! ነገር ግን ነሐሴ ገብቶ የጎረቤት ኮክ አብቧል፤ ውርጩ አልቋል። ክረምት ከየት ይምጣ?

ክረምትማ ሱቄ ውስጥ ቆሞ ነበር፣ የመስታወት በር ያለው። የቀረውን ፍሬ ከእርጥብ አሸዋ ጋር ለውሼ በፕላስቲክ ቋጠርኩና የለስላሳ መጠጥ ፍሪጁ ታችኛው መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት።

“ማይ ፍሬንድ፣ ይህ አሸዋ ስንት ነው?” ይሉኛል ደንበኞች።

“አይሸጥም፤ ተኝቷል” እላቸዋለሁ።

ሎድ ሼዲንግ፣ የመብራት ፈረቃው፣ መጥቶ መብራት ሲጠፋ ፍሪጁን በዚያው ብርድ ልብስ እጠቀልለዋለሁ። ፊት ብርዱ እንዳይገባ የሸፈንኩበት፣ አሁን ብርዱ እንዳይወጣ ያዘልኝ። ኦክቶበር ላይ አሸዋውን መደቧ ላይ በተንኩት፤ ብዙም ሳይቆይ አፈሩ በሁለት በሁለት ቅጠል ተሞላ።

የመጀመሪያው በጋ ቅጠል ብቻ ሆኖ አለፈ። ጎጎ ጎንበስ ብለው አዩና “ይህ ሞሮጎ ነው ምፋና፤ እንደ ጎመን ቀቅለን እንብላው” አሉኝ። ቀጣዩ ክረምት ሲመጣ ያም ደርቆ መሬቱ ባዶ ሆነ። ጎጎም በዚያ ክረምት ታመሙ። ደጅ መውጣት ስላልቻሉ በመስኮት እያሳሉ ጠየቁኝ።

“ሞተ፣ አይደል?”

አፈሩን በጣቴ ጫር ጫር ባደርገው ቀላ ያለች የቡቃያ ጫፍ አገኘሁ። ፎቶ አንስቼ በመስታወቱ አሳየኋቸው።

“እኔ የሚታየኝ ጥፍርህ ነው” አሉ። “እሱም ቆሽሿል።” ግን መጋረጃውን ከዚያ ቀን ጀምሮ አልዘጉትም።

ዲሴምበር ላይ አበባው ከወገብ በላይ ቆመ፤ ንቡ ይርመሰመስበት ጀመር። ጎጎም ድነው ነበር። ድንጋዩ በሚገለጥበት ጠዋት መቀሴን ስዬ መደቧ አጠገብ ስጠብቅ ብርድ ልብሳቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው መጡ።

“መቀሱን አስቀምጥ። ማዳላ ያልደረቀ አበባ ቆርጦ አያውቅም። መኖሩን ማየት ነው የፈለግሁት።”

መቃብሩ ጋ ጨርቁ ተነሣ፣ ተዘመረ። ከዚያ ጎጎ ከቀሚሳቸው ኪስ አንድ የደረቀ የአበባ ራስ አወጡ። አሮጌ ነው፤ ከመደቧ የተወሰደ አይደለም።

“ጎጎ! ያለኝ በሙሉ ብለውኝ አልነበረም?”

“ብዙ ታወራለህ ምፋና። ምናልባት ካልሆነልህ ብዬ አንዷን ደብቄብህ ነበር። አሁን አያስፈልገኝም።” ድንጋዩ ሥር ጣሏትና ልክ እንደ ማዳላ በጫማቸው ረገጧት።

“አሁን እኮ በጋ ነው፤ ውርጭ ይፈልጋል” አልኩ፣ እውቀቴ ስላላስቻለኝ።

“ይጠብቃል። እዚህ የሚቸኩል የለም።”

የልጄን ሻይ ጠጣሁት። ጉሮሮዬን ትንሽ አለዘበልኝ፤ ምላሴን ግን አልነዘረኝም፣ ከሥሩ ብዙም አልጨመሩበትም። ይህ አበባ ምን ምን እንደሚያድን ዛሬም እየጠየቅሁ ነው። ኮሮናን እንዳላስቆመ አይቻለሁ፤ ለጠየቀኝ ሁሉ መጀመሪያ ክሊኒክ ሂድ እላለሁ። ጎጎም ደህና ናቸው፤ አሁንም ምፋና ነው የሚሉኝ።

ያላደረግከው ምን አለ ላለችኝ ልጄ እንግዲህ መልሴ ይኸው። የለስላሳ ፍሪጅን ክረምት አድርጌያለሁ። መብራት ሲጠፋ ብርድን በብርድ ልብስ ይዤ አቆይቻለሁ። ባዶዋን መደብ መልሼ ሞልቻለሁ። ለሐጂ ሙዘይን በሰርዲን ቆርቆሮ የተተከለ አበባ ወስጄ መደብራቸው በር ላይ አስቀምጫለሁ፤ በራሳቸው እጅ ያጠጡታል። ከማዳላ መቃብር ድንጋይ ሥር ማንም ሳይንከባከበው የወጣው አበባ ግን የጎጎ ነው፤ እሱን የእኔ አልልም። ያቺን የመጨረሻ ራስ ከኪሳቸው ያስወጣኋት ግን እኔ ነኝ።