በእህቱ ደጃፍ

ቁልፍ ሠሪውን ሰፈርተኛው «ጋሽ ቁልፌ» ነበር የሚለው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከአንዲት የቆርቆሮ ሱቅ ሳይነቃነቅ፣ ቁልፍ ጠፋብኝ ያለውን ሁሉ ሲገላግል ኖሯል። የፖለቲካ ወሬ ሲነሳ፣ «እኔ የማውቀው የበር ቁልፍ ነው፤ የአገሩን ቁልፍ የያዘው ይጨነቅበት» ብሎ ያስቅ ነበር።

በዚያ ሰሞን ግን ሰልፈኛ ላይ ተተኩሶ፣ ሰው ሁሉ አፉን ይዞ ነበር። አንድ ረፋድ ሦስት ታጣቂዎች መጡና፣ «ዕቃህን ያዝ፤ ያለ ጩኸት የምትከፍተው በር አለ» አሉት። እምቢ የሚልበት አፍ ከየት ያምጣ? ቦርሳውን አንጠልጥሎ ተከተላቸው።

መኪናቸው ከእህቱ ደጃፍ ቆመ። የእህቱ ባል የማተሚያ ቤት ሠራተኛ ነው። የተቃውሞ ወረቀት አትሟል ተብሎ እንደሚፈለግ የሰማው ገና አሁን፣ ከታጣቂዎቹ አፍ ነው። የብረት በሩን ቁልፍ የገጠመው ደግሞ ራሱ ነው፤ ለመክፈት ሁለት ደቂቃ አይፈጅበትም።

«ይሄ ክፉ ቁልፍ ነው» እያለ ሽቦውን ያስገባል፣ ያወጣል፣ ያጣምማል፣ ያቃናል። ባልየው በጓሮ ያመልጥ እንደሆነ ብሎ ነው። ላቡ ዓይኑ ውስጥ ገባ።

«ሽማግሌ፣ ትቀልዳለህ እንዴ?» አለ አለቃቸው፣ መሣሪያውን ማጅራቱ ላይ አስደግፎ።

ከውስጥ የእህቱ ድምፅ ተሰማ። «ጋሼ? አንተ ነህ?»



በሩን የከፈተው ባልየው ነው፤ በካልሲው ነበር። «ተወው፣ አትልፋ» አለው። «በእኔ ጦስ አንተን እንዳይነኩህ።» የፊጥኝ አስረው መኪናው ላይ ወረወሩት። እህቱ የባሏን ጫማ አንስታ ከኋላ ሮጠች፤ መኪናው ሲሰወርባት መንገዱ መሀል ቁጭ አለች።

ከዚያ ወዲያ በየእስር ቤቱ በር ይንከራተታሉ፤ እሷ ከፊት፣ እሱ አሥር እርምጃ ያህል ከኋላ። «እንዲህ የሚባል ሰው እኛ ጋ የለም» ይባላሉ። ሁለት ወር ሙሉ አላናገረችውም።

አንድ ቀን እስር ቤት በር ሰልፍ ላይ ቆመው፣ «እኔ እኮ ሩብ ሰዓት አቆይቻቸው ነበር፤ ምነው በጓሮ ባመለጠ!» አላት።

«ጓሮውን ቀድመው ከበውት ነበር፣ ጋሼ» አለችና ፊቷን አዞረች።

በማግስቱም ሁለቱም ሄዱ። ሰውዬው እስከ ዛሬ አልተገኘም።