የአሥራ ሦስተኛው ወር ዓሣ

ፎርም በመሙላት እኔን የሚያህል ሰው ሲያትል ውስጥ ካለ ይምጣና እንተያይ። ጉራ አይደለም። ስካይዌይ ከሚኖረው ሐበሻ ግማሹን አንድ ቀን አንዱ መሥሪያ ቤት ይዤው ሄጃለሁ። የሕክምናውን፣ የቤት ኪራዩን፣ የመንጃ ፈቃዱን ወረቀት ሞልቼለታለሁ። ጠያቂው ገና አፉን ሳይከፍት መልሱ እኔ ጋ ዝግጁ ነው። ሥራዬም ያው ነው፤ ሆቴል ውስጥ የጽዳት ሱፐርቫይዘር ነኝ። ማናጀሩ ፊት ሲቀርቡ ሃያ ሴቶች በእኔ አፍ ነው የሚናገሩት።

የዓሣ ማጥመጃ ላይሰንስማ ለእኔ ምንም ሥራ አይደለም። እዚህ የላይሰንስ ዓመት የሚያልቀው ማርች መጨረሻ ላይ ነው። ሌላው ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ በኦንላይን ሪኒው ያደርጋል፤ እኔ ግን ሬንተን የስፖርት ዕቃ ከሚሸጡበት ሱቅ ሄጄ ነው የማሳድሰው። ማሽኑ ስሜን እያተመ ሲያወጣው ማየት ደስ ይለኛል፣ ምን ላድርግ። አንድ ጊዜ ከነጃኬቱ ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ከትቼው ገንፎ ሆኖ ወጣ። በምሳ ሰዓቴ ሄጄ ምትክ አውጥቼ፣ ሳንድዊቼን መኪና ውስጥ በልቼ፣ በሰዓቴ ሥራ ገባሁ።

የባለቤቴን አባት ዓሣ ማጥመድ ያስጀመርኳቸውም እኔ ነኝ። አባባ ነው የምንላቸው። ከአዲስ አበባ መጥተው እኛ ጋ ሲገቡ ባለቤቴ የጭነት መኪናውን ከኬንት ይዞ ከወጣ አምስት ስድስት ቀን አይመለስም ነበር። እኔም ሥራ ነኝ። ሰውዬው ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው የጎረቤት መኪና ሲገባና ሲወጣ እያዩ ይውላሉ። አንድ ቅዳሜ አላስችል አለኝና፣ "አባባ፣ ይነሱ፣ ጃኬትዎን ይልበሱ" ብዬ ይዣቸው ወጣሁ። የት እንደምንሄድ እንኳ አልጠየቁኝም። ከቤት መውጣቱ ራሱ በቅቷቸው ነበር።

አባባ አገር ቤት ከሠላሳ ዓመት በላይ ፍርድ ቤት ነው የሠሩት፣ መዝገብ ቤት። የምስክር ቃል እየተቀበሉ ሲጽፉ የኖሩ ሰው ናቸው። እስከ ዛሬ የሱቅ ደረሰኝ በቀን ተራ ደርድረው በፕላስቲክ ማህደር ያስቀምጣሉ። እና ያን ቀን ስለ ላይሰንሱ ሳስረዳቸው አንድ ነገር ነገርኳቸው፦ ሳልመን የያዘ ሰው፣ ዓሣውን ከመንጠቆ እንዳላቀቀ፣ እጁን እንኳ ሳይጠርግ፣ የያዘበትን ወርና ቀን በእስክሪብቶ ካርድ ላይ መጻፍ አለበት። ካርዱ ከላይሰንሱ ጋር ይሰጣል፣ ዓመቱ ሲያልቅ ደግሞ ለስቴቱ መንግሥት ይላካል።

"ዓሣውን በመዝገብ?" አሉኝ፣ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው።

"በመዝገብ።"

"በስመ አብ! መንግሥት ማለት ይሄ ነው!"

ሰውዬው በዚያች ካርድ ነው የተማረኩት እንጂ በዓሣው አይደለም። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ጠዋት እኔን የሚቀሰቅሱኝ እሳቸው ሆኑ። እስክሪብቶ ሁለት ይይዛሉ፣ አንዱ ቢነጥፍ ብለው። ምግብ ይበላላቸው ጀመር፣ ይቀልዱ ጀመር። ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ እኩዮቻቸውን ሰብስበው የሳልመንን ጠባይ ያስተምራሉ። እኔም ደረቴን ነፍቼ እሄዳለሁ። የሰውን አባት ከሶፋ ላይ አንስቼ ሰው ያደረግኩ እኔ ነኝ፣ ለምን አልኮራም?

ነገሩ የተበላሸው ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሲወጣ ነው። ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ ሁለት ቅዳሜ ተከታትለው ሁለት ሳልመን ይዘዋል። በሦስተኛው ቅዳሜ ውኃው ላይ ከተዘረጋው የእንጨት መድረክ፣ ከፒሩ ላይ፣ እኔ ባዶ እጄን ቆሜ እሳቸው አንድ ደህና ወፍራም አወጡ። ካርዳቸውን አውጥተው እየጻፉ ሳለ የዓሣ ተቆጣጣሪ መጣ። ዩኒፎርም ለብሷል፣ ሽጉጥ ታጥቋል። በተራ እያየ እኛ ጋ ደረሰ። የእኔን አይቶ መለሰልኝ። አባባ ገና በዓሣ እርጥብ የሆነውን እጃቸውን በሱሪያቸው ጠርገው፣ ካርዱን በሁለት እጃቸው ሰጡት። ጎንበስ ብለው ነው የሰጡት፣ ልክ ለዳኛ መዝገብ እንደሚያቀርቡት።

ሰውዬው ካርዱን አየው። ቀና ብሎ እኔን አየኝ። አሁንም ካርዱን አየው።

"ዛሬ ምን ወር ነው?" አለኝ።

"ሴፕቴምበር።"

"ታዲያ እኚህ ሰው ሁለት ዓሣ ዲሴምበር ላይ እንዴት ያዙ? ይሄ የዛሬው ደግሞ ወር አሥራ ሦስት ይላል።"

አንገቴን ሰገግ አድርጌ አየሁ። በዚያ በሚያምር የጽሕፈት ቤት ጽሑፋቸው፣ ወሩ በወር ቦታ፣ ቀኑ በቀን ቦታ ተጽፏል። አሥራ ሁለት፣ አሥራ ስምንት። አሥራ ሁለት፣ ሃያ አምስት። አሥራ ሦስት፣ ሁለት። ነሐሴ አሥራ ስምንት፣ ነሐሴ ሃያ አምስት፣ ጳጉሜን ሁለት። ወዲያው ገባኝ። አንድም ስህተት የለበትም፣ በእኛ አቆጣጠር አንዲት ቀን አልተዛነፈችም። ወሩንና ቀኑን ይጻፉ ያልኳቸውም እኔ ነኝ፤ የማንን ወር ብዬ አልነገርኳቸውም፣ እሳቸውም አልጠየቁኝም።

መናገር የነበረብኝ ይሄንኑ ነው። ሁለት ዐረፍተ ነገር ነው፣ ከዚያ አይበልጥም። ሥራ ቦታ መስከረም በመጣ ቁጥር እኛ አሥራ ሦስት ወር አለን እያልኩ የማደርቃቸው እኮ እኔ ነኝ። ግን ፒሩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ መንጠቆውን ትቶ እኛን ያያል፣ ሰውዬው የቅጣት ደረሰኝ የመሰለ ነገር ከኪሱ እያወጣ ነው፣ እኔም ደም ፊቴን ወረሰው። በእንግሊዝኛ፣ በዚያ በመሥሪያ ቤት ድምፄ፣ "ይቅርታ፣ ሽማግሌ ናቸው፣ ኮንፊውዝድ ናቸው፣ ይምታታባቸዋል። የሚጽፉትን አያውቁም" አልኩት።

የሰውዬው ፊት ወዲያው ላላ። ወደ አባባ ዞረና ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ቃል በቃል እየጎተተ፣ ሕፃን እንደሚያናግር፣ በሚቀጥለው ጊዜ እሷ ትጻፍልዎ፣ ኦኬ? አላቸው። አባባ "ኦኬ" አሉ። ካርዱን መለሰላቸውና ሄደ።

መኪና ውስጥ ደግሞ አላፍርም፣ "አዩ አባባ? ያለ አንዲት ሳንቲም ቅጣት!" እያልኩ ነበር የምነዳው። እሳቸው በመስኮት ያያሉ። ቤት ስንደርስ መንጠቆውን ጠራርገው ጓዳ አስገቡት። ዓሣውን ጠብሼ ሳቀርብ ሆዴ ሞልቷል አሉ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ልቀሰቅሳቸው ብሄድ፣ "አንቺ ሂጂ ልጄ፣ እኔ ይበቃኛል" አሉኝ።

እንደዚያ ሆነው ከረሙ። ሶፋው ጫፍ ላይ ተመልሰው ተቀመጡ። ቤተ ክርስቲያን ሰው ስለ ዓሣው ሲጠይቃቸው "ተውኩት" ይላሉ፣ ሌላ የለም። ባለቤቴ ከመንገድ ሲመለስ "አባባን ምን አደረግሻቸው?" ይለኛል። እኔ ደግሞ እቆጣለሁ፤ ምን አደርጋቸዋለሁ? ብርዱ ነው አልኩ፣ ወፍራም ቦቲ ገዛሁላቸው። ዝናቡ ነው አልኩ። ቫይታሚን ገዛሁ። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ግን ይሄ ነው፦ የገና በዓል ካለፈ በኋላ እኔው ራሴ በዓይኔ እከታተላቸው ጀመር። ምድጃውን አጥፍተዋል? ቁልፉን የት አስቀመጡ? አንድ ቀን ጥያቄዬን ሳይመልሱልኝ ቢቀሩ "በቃ፣ እየረሱ ነው" አልኩ በልቤ። ለተቆጣጣሪው የዋሸሁትን ውሸት እኔው አመንኩት። ሐኪማቸው ጋ ለማስታወስ ምርመራ ቀጠሮ ልይዝላቸው ስልክ አንስቼ ሁሉ ነበር።

የማርች የመጨረሻው ቀን የእረፍት ቀኔ ላይ ዋለ። ከሰዓት በኋላ ቁልፌን ይዤ ሳሎን ገባሁና፣ "አባባ፣ ላይሰንሳችን ዛሬ ያልቃል። የእርስዎንም አብሬ ሪኒው ላድርገው?" አልኳቸው።

ዳዊታቸውን እያነበቡ ነበር። ጣታቸውን ገጹ ላይ አድርገው ቀና አሉ።

"ኮንፊውዝድ ለሆነ ሰው ላይሰንስ ይሰጣሉ እንዴ?"

ቃሏን ጥርት አድርገው፣ ከእኔ በተሻለ አነጋገር ነው ያሏት።

"እርስዎ... ሰምተው ነበር?"

"ስድስት ዓመት እዚህ ስቀመጥ ጆሮዬን ደፍኜ መሰለሽ?"

እኔ ደግሞ ስያዝ መጮህ ነው ልማዴ። "ለእርስዎ ብዬ እኮ ነው! ሊቀጣዎ ነበር! ደረሰኙን አውጥቶ ነበር!" እያልኩ ቤቱን አቀለጥኩት። እስክጨርስ ጠበቁኝ። ሰው ሲናገር አያቋርጡም፣ ሥራቸው ነበር።

"ቀኑ ልክ ነበር" አሉ ከዚያ በኋላ። "ልክ እንደሆነ ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽውም?"

እኔ ለሁሉ መልስ ያለኝ ሴትዮ፣ ቁጭ አልኩ። "አፈርኩ፣ አባባ" አልኩ። "ሰው ሁሉ ያየን ነበር። አፈርኩ።"

"እኔ ብዙ የሐሰት ምስክር ጽፌያለሁ" አሉኝ። "ለገንዘብ የሚዋሽ አለ፣ ለጠላትነት የሚዋሽ አለ። ለዘመዱ አዝኖ፣ ዘመዱን እብድ ነው የሚል ግን አንቺን ነው ያየሁት።"

ተነሥተው ክፍላቸው ገቡ። በቃ፣ አለቀልኝ ብዬ ሳለ ማህደሩን ይዘው ተመለሱና ካርዱን ከፕላስቲኩ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። "ይሄ መላክ አለበት" አሉ። "መዝገቡ ሳይቃና ሌላ መዝገብ አልከፍትም። ወረቀት አምጪ። እኔ እናገራለሁ፣ አንቺ በእንግሊዝኛ ጻፊ።"

እኔን ጸሐፊ፣ እሳቸውን ተናጋሪ አድርገው ተቀመጡ። ወገባቸውን ቀና አድርገው ጀመሩ፦ "እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተጠቀሰው ዓሣ አጥማጅ፣ በካርዱ ላይ የመዘገብኳቸው ቀናት በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር መሆናቸውን አስታውቃለሁ።" ነሐሴ አሥራ ሁለተኛው ወር፣ ጳጉሜን አሥራ ሦስተኛው መሆኑን አስረዱ። እያንዳንዱን ዓሣ በፈረንጅ ቀን አስተካከሉት፣ ኦገስት ሃያ አራት፣ ኦገስት ሠላሳ አንድ፣ ሴፕቴምበር ሰባት። ካላንደር እንኳ አላዩም፣ ከራሳቸው ነው ያወጡት። እኔ እኮ እኚህን ሰው ለማስታወስ ምርመራ ልወስዳቸው ነበር! "ስህተቴ በየትኛው አቆጣጠር እንደሚጻፍ አለመጠየቄ ነው፤ ቀኖቹ ግን እውነተኛ ናቸው" ብለው ጨረሱ። ስለ እኔ አንዲት ቃል አላሉም።

እኔ ግን እስክሪብቶውን አላስቀመጥኩም። ከታች ሁለት መስመር ጨመርኩና ወረቀቱን ሰጠኋቸው። በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ፣ መጨረሻው ላይ ጣታቸው ቆመ።

"ይሄ እኔ ያላልኩት ነው። በአማርኛ አንብቢልኝ።"

እንደገባቸው አውቃለሁ። ግን አነበብኩ። "አባቴ ኮንፊውዝድ ናቸው ብዬ ለተቆጣጣሪው የተናገርኩት እኔ ነኝ። ውሸት ነው። አእምሯቸው ከእኔ የተሻለ ነው።" ለሃያ ሰው የምናገር ሴት ሁለት መስመር ማንበብ አቃተኝ። አለቀስኩ፣ አልደብቅም።

አባባ የካርዱን ጠርዝ እንደ ማስመሪያ አስጠግተው በሁለቱ መስመሮች ላይ ቀጥ ያለ መስመር አሰመሩባቸው።

"ይሄ የቤት ጉዳይ ነው" አሉ። "መንግሥትን አይመለከተውም። ስርዝ ድልዝ ያለበት ወረቀት ደግሞ አይላክም። እንደገና ገልብጪው።"

አፍንጫዬን እየጠረግኩ በንጹህ ወረቀት ገለበጥኩት። ፈረሙበት፣ ከካርዱ ጋር ፖስታ ውስጥ ከተቱት። የመጀመሪያውን ወረቀት ጨምድጄ ልጥለው እጄን ስዘረጋ መዳፋቸውን ጫኑበት። አራት ቦታ አጣጥፈው የኮታቸው ውስጥ ኪስ ውስጥ አስገቡት፣ በልብ በኩል ባለው። ኪሱን በላዩ ላይ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረጉት።

"ላይሰንሱን የሚሰጡት ሰዎች ስንት ሰዓት ነው የሚዘጉት?" አሉኝ።

"ማታ ሦስት ሰዓት" አልኳቸው። ጫማቸውን ማሰር ጀመሩ።