የማኩረፊያ ክፍል

እንጅባራ እንግሊዝኛ ሳስተምር፣ አንድ ልብ ወለድ ላይ «ቡዷር» የምትል ቃል ገጠመችኝ። የትምህርት ቤቱን ትልቁን መዝገበ ቃላት ገለጥሁ። የሴት የግል ክፍል ማለት ነው ይላል፤ ከፈረንሳይኛ የመጣ፤ ሥሩም «ማኩረፍ» የሚል ግሥ። ወይ ጉድ! ለኩርፊያ ብቻ የተሠራ ክፍል፣ ያውም ባለ መዝጊያ! ብቻዬን ሳቅሁ። ከዚያ እናቴ ትዝ አለችኝና ሳቄ ቆመ።

እኛ ዘንድ ያኮረፈች ሚስት ነጠላዋን ደርባ ወደ ዘመዶቿ ትሄዳለች። እናቴም ዳንግላ ከአባቴ ጋር በተጣላች ቁጥር ወንድሟ ቤት ትገባ ነበር። በሦስተኛው ቀን አባቴ ሽማግሌ ይዞ ይሄዳል፤ ይወቀሳል፤ ቀሚስ ግዛላት ተብሎ ይፈረድበታል፤ እሷም ቀና ብላ ትመለሳለች። አጎቴ ከሞተ ወዲህ ግን፣ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ አንድ ቀን አኩርፋ አታውቅም። ጎረቤቱ «ትዳር እንዲህ ነው!» ይላል። አባቴም «አሁንማ ልብ ገዛች» እያለ ይኮራል። እኔ ጅሏም አምኜ ነበር። ለካ መሄጃ አጥታ ኖሯል!

በዚያው ሳምንት ከኪራይ ቤቴ ጓዳ የድንቹን ጆንያ አወጣሁ፤ የቀርከሃ አልጋ አስገባሁ፤ በሩን ቁልፍ አስገጠምሁ። ቁልፉን ዳንግላ ድረስ ወሰድሁላት።

«እማዬ፣ ክፍሏ ያንች ናት። ሲከፋሽ ነይ።»

«በስተርጅና ኩርፊያ? አንች ልጅ፣ ሰው ምን ይለኛል!» ብላ ሳቀች። ቁልፉን ግን ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችው።

ክረምቱ እንደገባ አንድ ቀን ከሚኒባስ ወርዳ መጣች። ሰላምም አላለችኝ፤ ገብታ ከውስጥ ቆለፈች። በሩ ፊት ቆሜ ቀረሁ። እናቴ እንዲህ ያለ ግርማ እንዳላት በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም። ምግብ ሳቀርብላት ከፍታ ትቀበላለች፤ ቃል ግን አይወጣትም።

በሦስተኛው ቀን አባቴ ሁለት ሽማግሌዎች ይዞ በዝናብ ደረሰ። ልማዱን አልረሳውም። ሽማግሌዎቹ በተዘጋው በር ፊት ቆመው «እመት፣ ጥፋቱን አምኗል፤ ቀሚስም ይገዛል፤ በቃ ይታረቁ» አሉ።

ከውስጥ ድምፅዋ ተሰማ።

«ገና አልጨረስሁም። የስድስት ዓመት ነው።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አባቴ ኮፍያውን አወለቀና ደጃፏ ላይ ተቀመጠ።